«የለም» የሚባለው መለዋወጫ

አሰላ ገበያ አንድ ሱቅ ገባሁና «የሳይክል ጎማ፣ 28» አልኩት ልጁን። ከስልኩ ቀና ሳይል «የለም» አለኝ። ቀጣዩም «የለም»። ሦስተኛው ሱቅ ያለችው ሴትዮ በኦሮምኛ «ሂን ጂሩ» አለችኝ፤ ቋንቋው ሲቀየር ዕድሌም ይቀየር ይሆናል ብዬ ነበር። አራተኛው ግን «አለ!» አለኝ። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ፣ ተሸክሜው ቤት ገባሁ፣ ጎማው ቸርኬው ላይ አልገባም አለ። ይኼ «አለ» ከሦስቱ «የለም» የበለጠ ኪሴን ጎዳኝ።

የዛሬው ጠቤ ከዚህች ቃል ጋር ነው። ባለፉት ወራት እንዳየሁት ከሆነ፣ አሮጌ ሳይክል የሚጠግን ሰው «የለም» ሲባል ነገሩ በእርግጥ ጠፍቶ አይደለም። «አላውቀውም» ማለት ነው። ወይም «አልለካሁትም»። ወይም ደግሞ (ይቺ ናት የምታናድደው) «ባለፈው ሳምንት ለቁራሌው ሸጥነው»።

ሳይክሉ የአባቴ ነው። ራሌይ፣ ኖቲንግሃም የተሠራ፣ ጥቁር፣ ማርሽ የሌለው፣ ፍሬኑ በገመድ ሳይሆን በብረት ዘንግ የሚሠራ። የአሰላ ሰው ሲባል ሁላችሁም በሩጫ ትምህርት ቤት የሄደ ይመስላችኋል። ኃይሌ ገብረሥላሴ ትምህርት ቤት ለመድረስ 10 ኪሎ ሜትር ይሮጥ እንደነበር ዓለም በሙሉ ሰምቷል። አስተማሪዎቹ በምን ይሄዱ እንደነበር ግን የጠየቀ የለም። የእኔ አባት አስተማሪ ነበር፤ በሳግሬ መንገድ ከከተማ ወጣ ብላ ወዳለች ትምህርት ቤት በዚህ ሳይክል ነበር የሚመላለሰው። 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የጭላሎን ንፋስ ፊት ለፊት እየተቀበለ፣ ያለ ማርሽ! አሁን ጡረታ ወጥቷል፣ ጉልበቱም ደክሟል። ስልክ በደወልኩ ቁጥር ግን ከጤንነቴ ቀድሞ «ሳይክሉስ?» ነው የሚለኝ። እኔም «መለዋወጫ የለም አባዬ» እያልኩ አንድ ዓመት ቀለድኩበት። እውነቱን ለመናገር እኔም አልለካሁም ነበር።

እስቲ ወደ ጎማው እንመለስ። ጎማ ጎኑ ላይ «28» ከሚለው ትልቁ ቁጥር አጠገብ ደቃቃ ሌላ ቁጥር አለው። የድሮዎቹ ላይ 635፣ አሁን በብዛት የሚመጡት ላይ 622 ይላል። ጎማው የሚቀመጥበት የቸርኬው ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። ሁለቱም «28» ይባላሉ፤ በመሃላቸው ግን 13 ሚሊ ሜትር አለ፣ 13 ሚሊ ሜትር ደግሞ በጉልበትም በጸሎትም አይለጠጥም። ታዲያ መርካቶ ሄጄ «28» ማለቴን ትቼ «የድሮ ፊኒክስ ጎማ አላችሁ?» ስል ምን ሆነ መሰላችሁ? ወጣ! ከላዩ አቧራ ተራግፎ፣ የህንድ ሥራ፣ 635። የቻይናው ፊኒክስም የህንዱ ሂሮም ያንኑ የእንግሊዝ ሳይክል ነው ቀድተው የሠሩት፤ ጎማቸው አንድ ነው። ዕቃው ከመጀመሪያውም ነበር፤ የተሳሳተው ጥያቄዬ ነው።

እዚህ ላይ ለባለሱቆቹ ጥብቅና ልቁም። በዓመት አንዴ ለሚመጣ አንድ ዕብድ ብሎ ብሩን ዕቃ ላይ የሚያስር ነጋዴ የለም፤ ዶላሩም እንደምታውቁት ነው። ዕቃውን አለማስቀመጡን አልቃወምም። የምቃወመው ሳይለኩ «ይሆናል» ብሎ መሸጥን፣ ሳያዩ «አዲስ ግዛ» ብሎ መምከርን ነው። ልኬቱን ያየ ሰው ቢያንስ «እኔ ጋ የለም፣ እከሌ ጋ ጠይቅ» ይላል። በሁለቱ መልሶች መሃል አንድ ሳይክል ይሞታል ወይም ይድናል።

ሁለተኛው ጣጣ የፔዳሉን ክንድ ከመሃል አክሱ ጋር የሚያስረው ሽብልቅ ነበር። ጣት የማታክል ብረት፣ አንድ ጎኗ ተሞርዶ ያጋደለ፣ ጫፏ ላይ ዳዶ የሚታሰርባት። የራሌይ 9.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ 9 የሆነም አለ፣ ሲገባ የገባ ይመስልና በሦስተኛው ቀን «ቋ፣ ቋ» ማለት ይጀምራል። ከውጭ አገር ማስላክ ትችላላችሁ፤ ማስላኪያው ሽብልቋን አሥር ጊዜ ይገዛል። እኔ ቶርኖ ቤት ሄድኩ። የመጀመሪያዋን ልጁ ከፌሮ አወጣልኝ፤ አሰላ ዳገት ላይ ሳምንት አልቆየችም፣ ተጣመመች። ከዚያ አንድ አዛውንት ጠጋኝ (ጋሼ ነው የምላቸው፣ ሥራቸውን ከደርግ በፊት ነው የጀመሩት) ከአሮጌ የጭነት መኪና ቡሎን እንዲወጣ አደረጉ። ሞረዱንም ራሳቸው ያዙ። «ሁለቱን እኩል ካልሞረድካቸው ፔዳሎቹ ፊት ለፊት አይተያዩም፣ እንደ አንካሳ ነው የምትነዳው» አሉኝ። ፍሬኑ ላይ የሚለበደውን ጎማም ከመኪና ጎማ ቆርጠው አደረጉልኝ፤ ከበረባሶ ሠሪ የተረፈ ቁራጭ ነው። ይይዛል፣ ትንሽ ይጮኻል።

ጋሼ ባይኖሩ ግን ሳይክሉን በራሳችን እጅ እንገድለው ነበር። የመሃል አክሱ የሚሽከረከርበት የግራና የቀኝ ክዳን ፊሌቶ አለው። በአብዛኛው የእንግሊዝ ሳይክል በአንድ ኢንች 24 ጥርስ ነው፤ ራሌይ ግን ለራሱ ብቻ 26 ያደርገው ነበር። ሌላ ቦታ አንድ ጎበዝ ጎረምሳ የ24ቱን ክዳን በትልቅ ቁልፍ እየገፋ ሊያስገባው ሲል ነው የደረስነው። ሁለት ዙር ቢጨምር የሳይክሉ አጥንት ራሱ ተበልቶ ያልቃል። «እስቲ ቁጠረው» አሉት ጋሼ። ልጁ ሳቀ። ማን ፊሌቶ ይቆጥራል! እናንተ ሆዬ፣ ፓራፋንጎ፣ ካቴና፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ እያልን ስሙን በሙሉ ከጣልያን ወርሰናል፤ ቆጠራውን ነው ሳንወርስ የቀረነው።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ ልምጣ። በአንዳንድ አሮጌ ሳይክሎች ላይ ያለ ብረት አዲስ አይሠራም፣ ቢሠራም እኛ ጋ አይደርስም። የሚገኘው ሌላ አሮጌ ሳይክል ላይ ብቻ ነው። የሞተው ለቆመው ይሰጣል፤ ነገሩ ይኼው ነው። ታዲያ የሞቱትን ምን እያደረግናቸው ነው? ግማሹ «ቁራሌው!» ሲባል በኪሎ ይሸጣል። በኪሎ! መቶ ጊዜ ዳገት የወጣ አክስ ከዝገት ቆርቆሮ ጋር ይመዘናል፣ ይቀልጣል፣ ፌሮ ይሆናል፤ እኔም ያንን ፌሮ ቶርኖ ቤት ወስጄ ሽብልቅ ሁንልኝ እለዋለሁ።

የቀረው ግማሽ ደግሞ ካፌ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው ወር አዲስ አበባ ከጓደኞቼ ጋር ማኪያቶ ልጠጣ ገብቼ ቀና ስል፣ ራሌይ! የእኔው ወንድም፣ በቢጫ ቀለም ተለቅልቆ፣ ቅርጫቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ ተሰክቶበት። ጓደኞቼ ሥሩ ፎቶ ሲነሱ እኔ የኋላ ቸርኬውን የሽቦ ቀዳዳ እቆጥር ነበር። 40። የድሮ እንግሊዝ ሳይክል የፊቱ 32፣ የኋላው 40 ነው፤ የአሁኖቹ በብዛት 36 ናቸው፣ በድሮው መሃል ላይ አይሰካኩም። ከሌላ አዲስ ሳይክል ጎማውን እንዳለ ነቅለህ አትገጥመውም ወይ? አልገጥመውም፤ የብረት ዘንጉ ፍሬን ቸርኬውን የሚይዘው ከውስጥ በኩል ነው፣ የአዲሶቹ ቸርኬ ለዚያ አልተሠራም። አስተናጋጁን ሥራ አስኪያጁን ጥራልኝ አልኩት። ልግዛችሁ አልኳቸው፣ ሌላ ቸርኬ ቀለም ቀብቼ እተካላችኋለሁም አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁ በጣም ትሁት ሰው ነው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ዲኮር ነው» አለኝ።

ዲኮር! አባቴ ደሞዝ ይዞበት የመጣ ነገር ዲኮር ነው። በ«ድሮ ጥሩ ነበር» ስሜት ግድግዳ ላይ ሰቅለን ማኪያቶ የምንጠጣበት ያ ድሮ እኮ አሰላ ውስጥ አንድ ቸርኬ አጥቶ ቆሟል።

መንግሥትም ከዚህ አያመልጥም። የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ወጥቷል፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2029። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ በኮሪደር ልማቱ የብስክሌት መስመር ተዘርግቶላታል። ጥሩ ነው፣ አጨበጨብኩ። መስመሩ ላይ የሚሄደው ሳይክል ሽብልቁ ሲወልቅ የሚጠግነው ማን ነው? ጋሼ ሰባዎቹን አልፈዋል፣ አጠገባቸው የተቀመጠ ተማሪ አላየሁም። አስፋልት በዓመት ይነጠፋል፤ ፊሌቶ የሚቆጥር ሰው ግን በዓመት አይወጣም።

«አዲስ ግዛ» ለምትሉኝም መልስ አለኝ። ገዝቻለሁ። ፊት ለፊቱ ሞላ ያለው፣ ስሙ ማውንቴን፣ ፔዳሉ ፕላስቲክ። በስድስት ወሩ ፔዳሉ ተሰበረ፣ ሱቁ ስመለስ ምን እንዳሉኝ ገምቱ።

ለማንኛውም ራሌዩ አሁን ጎማ አለው፣ ሁለት ሽብልቅ አለው፣ ፍሬኑ እየጮኸም ቢሆን ይይዛል። የቀረው የኋላ ቸርኬ ነው፤ የራሱ ዝጎ ስንጥቅ አውጥቷል፣ ሰው አይሸከምም። አያታችሁ ጓሮ፣ የእንጨት ቤቱ ጀርባ፣ ዶሮ የሚያድርበት ጥቁር ሳይክል ካለ፣ ቁራሌው ከመምጣቱ በፊት የኋላውን ቀዳዳ ቁጠሩልኝ። 40 ከሆነ እኔ እፈልገዋለሁ፣ በኪሎ ሳይሆን በዋጋው።