ለማይናገረው ሕፃን ማን ይናገርለት?

የናጋድ ሙቀት አዋቂን ያደክማል፤ ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ግን በዚያም ሳይቀር ሊበርደው ይችላል። ቆዳው ስስ፣ ስቡም ጥቂት ነውና የሰውነቱ ሙቀት ከ36.5 ዲግሪ ሲወርድ ሕይወቱ ለአደጋ ይጋለጣል።

ይህን ከሁሉ ቀድማ የምታየው ነርሷ ናት። የታዘዘችውን መፈጸም ግዴታዋ ነው፤ ለሕፃኑ ጠበቃ መቆምም ግዴታዋ ነው። የማሞቂያው ሣጥን አንድ፣ ሕፃናቱ ሁለት ሲሆኑ፣ እናትም «ከበር ውጪ ቆዪ» ስትባል ነርሷ ዝም ልትል ይገባታልን? አይገባትም እንላለን።

ማስረጃም አለን። እናት ሕፃኗን ገላ ለገላ በደረቷ አቅፋ የምታሞቅበት ዘዴ በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ከተማ በቦጎታ ተጀመረ። ዶክተር ቦጋለ ወርቁ ከባልደረባቸው ጋር በአዲስ አበባ ያካሄዱት፣ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት፣ ዘዴው ቶሎ ከተጀመረላቸው ሕፃናት መካከል የሞቱት ያነሱ መሆናቸውን አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 እ.ኤ.አ. እጅግ ከታመሙት በስተቀር ከወሊድ በኋላ ወዲያው እንዲጀመር መከረ።

ስለዚህ እኅቶቻችን፣ «ልጄን በደረቴ ልቀፈው?» ብላችሁ ነርሷን ጠይቁ፤ ጥያቄያችሁ ለእርሷም ኃይል ይሆናታል። እናት ስትደክም የአባት ደረትም ያሞቃል። ወንድም ወታደር ሆይ፣ ይህም ዘብ መቆም ነው።