ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው

ባለፉት ወራት ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ቤት ወጪ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ግን ከቤት ወጣ ብለን አብረን እንድንራመድ ልጋብዛችሁ ነው። የምጽፈው ስለ እግር ጉዞ ቢሆንም ነገሩ የትዳር ነው፤ ትዳሩም የሌላ ሰው ሳይሆን የራሴው ነው።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን 17 ዓመታችን ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለሦስት ወር ያህል በቤታችን ጠብ ሳይኖር ንግግር ጠፍቶ ነበር። “ምሳ ቀርቧል”፣ “የትምህርት ቤት ተከፍሏል” ከማለት በቀር የምንለዋወጠው ቃል አልነበረም። እሁድ እሁድ ግን ጎን ለጎን ተቀምጠን እንዘምራለን። ያየን ሁሉ “እንዴት ያለ የተባረከ ትዳር ነው!” ይለናል። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ እሱ በአንዱ መስኮት፣ እኔ በሌላው ውጭ ውጭውን እናያለን።

አንድ የበዓል ቀን ጠዋት ልጆቹ አክስታቸው ዘንድ አድረው ስለነበር ቤቱ ጭር አለ። ባለቤቴ ድንገት “ወደ ጉለሌ እንውጣ” አለኝ። እምቢ ለማለትም መናገር ያስፈልግ ነበርና ዝም ብዬ ጫማዬን አጠለቅሁ።

የሄድነው ወደ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ነው። ላላያችሁት ላስተዋውቃችሁ። ማዕከሉን በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ያቋቋሙት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ሆነው ነው። በከተማችን ሰሜን ምዕራብ ጥግ ወደ 700 ሔክታር የሚጠጋ ተራራማ ቦታ ይዟል። ከፍታው ከ2,550 እስከ 2,950 ሜትር ይደርሳል። ዓላማው ተራራውን የሸፈነውን ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ በአገር በቀል ዛፎች መተካት ነው። እናቶቻችን የወተት ዕቃ ያጠኑበት ወይራ፣ አያቶቻችን አበባውን ለትል የጠጡት ኮሶ፣ ጽድ፣ ዝግባ፣ አስታና ቀጋ እዚያ ይገኛሉ።

ዳገቱን ስንጀምር ባለቤቴ እንደ ልማዱ ፈጠን ፈጠን እያለ ቀደመኝ። እኔ አየሩ ሳስቶብኝ ቁና ቁና እተነፍሳለሁ። እሱ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። በመጨረሻ አንድ ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ደንግጦ ተመለሰ።

“ለምን አልጠራሽኝም?” አለኝ።

“ብጠራህ ትሰማ ነበር?” አልኩት።

ለሦስት ወር ያልተባለው ነገር ሁሉ በዚያች ጥያቄ ውስጥ ነበር። እሱም ገባው መሰለኝ፣ መልስ ሳይሰጥ አጠገቤ ተቀመጠ።

ትንሽ እንደሄድን አንድ አዛውንት ሠራተኛ ከባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ያቆጠቆጠውን ቀንበጥ ሲመለምሉ አገኘናቸው። ባለቤቴ ሰላምታ ሰጥቶ “አባቴ፣ ይህ ተቆርጦ የለም እንዴ?” አላቸው።

“ተቆርጧል ልጄ። ግን አንዴ ቆርጠህ ከሄድክ በአንዱ ፋንታ አምስት ሆኖ ይጠብቅሃል” አሉት።

“ታዲያ ለምን ሁሉንም ባንድ ጊዜ ነቅላችሁ አትጨርሱም?”

“ተራራውን ባንዴ ካራቆትከው አፈሩን ጎርፍ ይወስደዋል። ችግኙም ገና ሕፃን ነው፣ ብርድና ፀሐይ ይመታዋል። እዚህ ትንሽ ትቆርጣለህ፣ እዚያ ትተክላለህ፣ ከርሞ ደግሞ ትመለሳለህ።”

ባለቤቴ “ይህ ባሕር ዛፍ መጀመሪያውኑ ባልመጣ!” አለ። እኔ ግን በትምህርት ቤት የተማርኩት ትዝ አለኝ። አዲስ አበባ በተቆረቆረች በጥቂት ዓመታት ውስጥ በዙሪያዋ የነበረው ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ አልቆ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ዋና ከተማውን ወደ ምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው አዲስ ዓለም ለማዛወር ግንባታ እስከማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋ ባለችበት እንድትጸና ከረዱት ነገሮች አንዱ ይህ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ቶሎ የሚያድግና ሲቆረጥ መልሶ የሚያቆጠቁጥ ዛፍ ነው። ዛሬ ውሃ መጠጠ፣ ከሥሩ ሌላ ተክል አላበቅል አለ ብለን የምናማርርበት ዛፍ በጊዜው ባለውለታችን ነበር።

ይህን ስነግረው ባለቤቴ ቆመ። “የእኔም የማታ ሥራ እንደዚያ ነው” አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጀመሪያ ልጃችን ስትወለድ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቶን ነበር። ያኔ ባለቤቴ ከቀን ሥራው በተጨማሪ ማታ ማታና ቅዳሜ ማስተማር ጀመረ። ያ ሥራ ቤታችንን አተረፈልን፤ ልክድ አልችልም። ችግሩ ካለፈ በኋላ ግን ሥራው አልቀረም። ምሽታችንን ሁሉ መጠጠው።

እኔም ብሆን ንጹሕ አልነበርኩም። እንደተጋባን ከአማቴ ጋር አንድ ቤት እንኖር ነበርና፣ ቅር ሲለኝ ዝም ማለትን ለመድኩ። ዝምታዬ በዚያን ጊዜ ሰላም አቆይቷል። በራሳችን ቤት ግን ያው ዝምታ መቅጫ ሆነብኝ። ይህን እያለቀስኩ ነገርኩት።

ተራራውን ዞረን እስክንወርድ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀብን። ታች ስንደርስ ባለቤቴ “ማክሰኞንና ሐሙስን እተዋለሁ። ቅዳሜን ግን የልጆቹን ክፍያ እስክንጨርስ አልችልም” አለኝ። ሁሉንም እንዲተው ፈልጌ ነበር። ነገር ግን የአዛውንቱ ቃል ትዝ አለኝና “ይሁን። እኔም ቅር ሲለኝ በዚያው ቀን እነግርሃለሁ” አልኩት።

ሁሉም ነገር በዚያች ቀን ተፈታ ብላችሁ እንዳታስቡ። ባለፈው ክረምት ሐሙስ ምሽት እንደገና ተወስዶብን ነበር፤ እኔም አራት ቀን ዘጋሁት። አቆጠቆጠ ማለት ነው። በአምስተኛው ቀን ግን ሁለታችንም አይተነው መለመልነው።

ወገኖቼ፣ በቤታችሁ ውስጥ ትናንት የጠቀማችሁ፣ ዛሬ ግን ሌላውን እንዳይበቅል የሚያደርግ ነገር የቱ ነው? ስታገኙት አትስደቡት፤ ለውለታው አመስግኑትና ቀስ በቀስ ቀንሱት። በቀነሳችሁበት ቦታ ደግሞ ሌላ ነገር ትከሉ፤ እኛ በማክሰኞ ምሽት ላይ የተከልነው አብሮ ራት መብላትን ነው። ጽድና ወይራ በአንድ ክረምት አያድጉም፣ እናንተም አትቸኩሉ።

መሄድ ለምትፈልጉም ጥቂት ምክር ልስጥ። የመግቢያውን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ጭቃው ከደረቀ በኋላ፣ ከጥቅምት ጀምሮ፣ በጠዋት ብትወጡ ይሻላል። የማያዳልጥ ጫማ አድርጉ፤ ውሃና ዳቦም ያዙ። ከሁሉ በላይ ግን እየተነጋገራችሁ መራመድ በምትችሉበት ልክ ሂዱ፤ አንዳችሁ መናገር ካቃታችሁ ሌላችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው።

እስከሚቀጥለው እትም ሰላም ሁኑ። ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።