ካሜራው በእጅ ይነቀል

አዲስ አበባ ውስጥ ወደ የትኛውም ቢሮ ጎራ ብትሉ ካሜራው ላይ ፕላስተር የተለጠፈበት ላፕቶፕ አታጡም። አንዱ የቁስል ፕላስተር ቆርጦ ይለጥፋል፣ ሌላው የዕቃ ዋጋ የተጻፈባትን ተለጣፊ ወረቀት፣ ሌላው ደግሞ ቁራጭ ወረቀት በስኮች ያጣብቃል። እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያለቅጥ ተጠራጣሪ ተደርገው ይታያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን የኤፍቢአይ ዳይሬክተር የነበሩት ጄምስ ኮሚ የገዛ ላፕቶፓቸውን ካሜራ እንደሚሸፍኑ በአደባባይ ተናገሩ። በዚያው ዓመት የፌስቡኩ ማርክ ዙከርበርግ ቢሮው ውስጥ የተነሳው ፎቶ ሲወጣ፣ ከኋላው የሚታየው ላፕቶፕ ካሜራም ማይክሮፎንም በፕላስተር ተሸፍኖ ታየ። ስለዚህ ለጣፊዎቹ ትክክል ናቸው ባይ ነኝ። ጥፋተኛው ካሜራን ያህል ነገር ከስክሪኑ ጋር አጣብቆ፣ ባለቤቱ እንዳይነካው አድርጎ የሠራው ንድፍ ነው።

ፕላስተሩም ቢሆን ችግሩን አይፈታውም። ማጣበቂያው ሌንሱ ላይ ቀርቶ ምስሉን ያደበዝዛል። ድምፅ አያግድም። ጠንከር ያለ የፕላስቲክ መሸፈኛ የሚገዙትም ቢሆኑ ከችግር አልዳኑም፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2020 ደንበኞቹን ካሜራው ላይ መሸፈኛ እንዳለ ክዳኑን ብትዘጉት ስክሪኑ ሊሰነጠቅ ይችላል ብሎ አስጠንቅቋል። የዘመኑ ላፕቶፕ ክዳንና ኪቦርድ ሲገጥሙ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ያን ያህል ጠባብ ነው። አፕል፣ መሸፈኛ የግድ ከሆነ ውፍረቱ ከአንድ የማተሚያ ወረቀት፣ ማለትም ከ0.1 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ መክሯል።

«ካሜራው አጠገብ ያለችው አምፖል እስካልበራች ድረስ ካሜራው አይሠራም» የሚለው ማስተማመኛ ብዙዎቻችንን ለረጅም ጊዜ አረጋግቶን ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ2013 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ማቲው ብሮከርና ስቲቨን ቼኮዌይ የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን እምነት ከሥሩ ናዱት። የመረመሩት አፕል እስከ 2008 ገደማ በሠራቸው ማክቡኮችና አይማኮች ውስጥ የነበረውን አይሳይት የተባለ ካሜራ ነው። በዚህ ካሜራ የአምፖሏ መስመር የተያያዘው ምስል የሚያነሳውን ቺፕ ከሚያሳርፈው መስመር ጋር ነበር። ቺፑ እንዲያርፍ ሲታዘዝ አምፖሏ ትጠፋለች፣ ሥራ ሲጀምር ትበራለች፤ ሲታይ እንከን የለውም። ሰዎቹ የደረሱበት ግን ቺፑን «የማረፊያውን ትዕዛዝ አትስማ» ብሎ ማዘዝ እንደሚቻል ነው። ያን ጊዜ አምፖሏ እንደጠፋች ቺፑ ምስል ማንሳቱን ይቀጥላል። ለዚህ የሚያስፈልገው የካሜራውን ውስጣዊ ፕሮግራም መቀየር ብቻ ሲሆን፣ የኮምፒውተሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ እንኳ አልተጠየቀም።

አምፖሏ በታማኝነት ብትበራስ? በፔንሲልቬንያ፣ ፊላደልፊያ አቅራቢያ ያለው የሎወር ሜሪየን የትምህርት አስተዳደር ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቹ ላፕቶፕ አድሎ ነበር። የጠፋ ኮምፒውተር ለመፈለግ በሚል የተጫነ ፕሮግራም ካሜራውን ከርቀት እየከፈተ፣ ልጆቹ ቤታቸው ባሉበት ሰዓት ጭምር ፎቶ ሲያነሳ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ2010 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ከ50 ሺህ በላይ የካሜራ ፎቶዎችና የስክሪን ቅጂዎች ተገኙ፤ አስተዳደሩም በ610 ሺህ ዶላር ክሱን በስምምነት ዘጋ። አምፖሏ ብልጭ ስትል ያዩ ተማሪዎች እንደነበሩ በወቅቱ ተነግሯል፤ የተሰጣቸው መልስ የቴክኒክ ብልሽት ነው የሚል ነበር። መኝታ ክፍሉ ውስጥ የተቀመጠ ልጅ ይህን መልስ ሰምቶ ምን ሊያደርግ ይችላል? ኮምፒውተሩ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ፕሮግራሙን ማጥፋት አይችልም፣ ካሜራውን መንቀል አይችልም።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው ዘገባ፣ የኢሳት ቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ሃኪንግ ቲም በተባለው የጣልያን ኩባንያ የስለላ ፕሮግራም ዒላማ መደረጋቸውን ገልጿል። በዚያው ዓመት በሜሪላንድ የሚኖር ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ «ኪዳኔ» በሚል የሽፋን ስም የኢትዮጵያን መንግሥት አሜሪካ ውስጥ ከሰሰ። ክሱ እንደሚለው፣ በኢሜይል አባሪ ሆኖ የመጣ ፊንስፓይ የተባለ የስለላ ፕሮግራም የቤቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገብቶ የስካይፕ ንግግሮቹን ለወራት ቀድቷል። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 ክሱን ውድቅ አደረገ። ምክንያቱ ቀዳ ወይም አልቀዳም የሚለው አልነበረም፤ ድርጊቱ ሙሉ በሙሉ በአሜሪካ ምድር ስላልተፈጸመ የውጭ መንግሥትን እዚያ መክሰስ አይቻልም የሚል ነው። ሰውየው ሳሎኑ ተቀምጦ ሳለ የሀገሩ ሕግ ሊደርስለት አልቻለም።

የፊንስፓይ ሻጮች ከሚያስተዋውቋቸው ችሎታዎች አንዱ ካሜራና ማይክሮፎን ከርቀት መክፈት ነበር። ካሜራ መንቀል ኢሜይልን እንደማያድን፣ በፈቃዳችን የከፈትነውን የቪዲዮ ጥሪ እንደማይጠብቅ አውቃለሁ። ጥሪው ካለቀ በኋላ ያለውን ሰዓት ግን ይጠብቃል። ልብስ የምንቀይርበት፣ ልጅ የምናጠባበት፣ የምንጸልይበት፣ ከትዳር ጓደኛችን ጋር የምንጨቃጨቅበት ሰዓት ነው። ሶፍትዌር በሶፍትዌር ይሸነፋል። ከመሰኪያው ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ካሜራን ግን የትኛውም መንግሥት፣ የትኛውም ሌባ በኢንተርኔት ሊከፍተው አይችልም።

ደግሞም አዲስ ሐሳብ አይደለም። አፕል እ.ኤ.አ. በ2003 አይሳይት በሚለው ስም መጀመሪያ የሸጠው ካሜራ ለብቻው የቆመ፣ ስክሪኑ አናት ላይ የሚሰካ አነስ ያለ ቱቦ ነበር። ፊቱን ጠምዘዝ ሲያደርጉት ሌንሱ ይዘጋል፤ ካላስፈለገ ኬብሉን ነቅሎ ማስቀመጥ ነው። ከ2005 መጨረሻ ጀምሮ ካሜራው አይማክ ውስጥ ገባ፣ በቀጣዩ ዓመት ማክቡኮቹም ተከተሉ፣ የቱቦው ሽያጭም ቆመ። ለመያዝ ቀለለ፣ ለፋብሪካም ረከሰ። ያን ጊዜ ከባለቤቱ እጅ የወጣውን ሥልጣን ግን ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

የአንዲት ወዳጄ ላፕቶፕ ክዳን ሲከፈት አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። ጥገና ባለሙያው ቀጭን የፕላስቲክ መፈልቀቂያ በስክሪኑና በፍሬሙ መካከል አስገብቶ ዙሪያውን ቀጭ፣ ቀጭ እያደረገ ፍሬሙን ፈለቀቀው። ካሜራው ያለው ስክሪኑ አናት ላይ ነው፤ የጣት ርዝመት ያላት ጠባብ የሰርኪት ሰሌዳ በማጣበቂያ ተለጥፋለች። መሐሏ ላይ ሌንሱ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ማይክሮፎኖች፣ በአንዱ ጫፍ ደግሞ ከጥፍር ያነሰች መሰኪያ አለች። ከመሰኪያዋ የሚነሱት ቀጫጭን ሽቦዎች በክዳኑ ማጠፊያ በኩል ወደ ዋናው ቦርድ ይወርዳሉ። የአብዛኛው ላፕቶፕ ካሜራ በተራ ዩኤስቢ የሚሠራ ስለሆነ በመሠረቱ አራት መስመር ይበቃዋል፤ አንዱ ለኤሌክትሪክ፣ አንዱ ለግራውንድ፣ ሁለቱ ለመረጃ። ባለሙያው መሰኪያዋን በጥፍሩ ብድግ አደረጋትና «እህቴ፣ ከፈለግሽ እንዲህ ነቅዬ ልተወው እችላለሁ፤ ስብሰባ ሲኖርሽ ግን እንደገና መምጣትሽ ነው» አላት። እሷም «ለየስብሰባው?» ብላ መልሳ አስገጠመችው።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር በሙሉ እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነበር። አራት መስመር ያለው፣ በአንድ ጥፍር የሚነሳ ዕቃ ነው። ከባለቤቱ የሚለየው ፍሬሙና ማጣበቂያው ብቻ ነው።

አንዳንድ አምራቾች በባለቤቱ ወደሚነቀል ካሜራ እየመጡ ነው። ፍሬምወርክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ከ2021 ጀምሮ በሚሸጠው ላፕቶፕ የስክሪኑ ፍሬም በማግኔት ብቻ ይያዛል፤ ውስጡ ያለችው ካሜራ በብሎን የታሰረች ስለሆነች ማንም ፈትቶ ይቀይራታል። ለካሜራውና ለማይክሮፎኑም በእጅ የሚገፉ ማቋረጫዎች አሉት። በ2024 የተሻለ ካሜራ ሲያወጣ የድሮው ላፕቶፕ ባለቤቶች ያቺን ብቻ ገዝተው ገጠሙ። ሳምሰንግ በ2022 ባወጣው ኤም8 ሞኒተር ላይ ካሜራው በማግኔት ከስክሪኑ አናት ጋር ይጣበቃል፣ ሲፈለግ ይነሳል። ሌኖቮም በአንዳንድ ቲንክቡኮቹ አናት ላይ ካሜራ የሚለጠፍበት ማግኔትና የመገናኛ ነጥቦች ያሉበት ቦታ አዘጋጅቷል። ዴል ደግሞ 30 ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ስክሪኑ ላይ የትም የሚለጠፍ ገመድ አልባ ካሜራ በሙከራ ደረጃ አሳይቶ ነበር። ገመድ አልባው አይጥመኝም። ባትሪ ይፈልጋል፣ ሬዲዮ ይጨምራል፤ ከመሰኪያ ነቅዬ ልገላገለው የምፈልገውን ነገር ተነቅሎም እንዲሠራ ያደርገዋል። የፍሬምወርክን አከብራለሁ፤ ነገር ግን ብሎን ያለበት ካሜራ ለጥገና እንጂ ለየቀኑ አይሆንም።

እኔ የምመኘው ክዳኑ አናት ላይ አውራ ጣት የምታህል ጎድጓዳ ቦታ፣ ውስጧ ሁለት ማግኔትና የመገናኛ ነጥቦች ያሏት ናት። ካሜራው ገፋ ሲያደርጉት ይወጣል፣ ሲያስጠጉት ጠቅ ብሎ ይገባል፣ ኮምፒውተሩን ማጥፋት አያስፈልግም። ነጥቦቹ ለብዙ ሺህ ጊዜ መሰካትና መነቀል የሚበቁ መሆን አለባቸው፤ የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ለ10 ሺህ ጊዜ ታስቦ የተሠራ ስለሆነ ይህ ከአቅም በላይ አይደለም። ማይክሮፎኑ የግድ ከካሜራው ጋር አብሮ ይውጣ። ካሜራ ተነቅሎ ጆሮው ከቀረ ሥራው ግማሽ ነው፤ ዛሬም ቢሆን በብዙ ላፕቶፕ ሁለቱ አንድ ሰሌዳ ላይ ስለሆኑ አብሮ ማውጣቱ አያስቸግርም። የካሜራው ውስጣዊ ፕሮግራም ከኮምፒውተሩ በኩል እንዳይጻፍበት ይዘጋ። ቋንቋው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የታወቀው፣ ዊንዶውስም ማክም ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም የሚረዱት የጋራ የዩኤስቢ ቪዲዮ ደንብ ይሁን።

«ትንሽ ዕቃ ትጠፋለች» የሚለው ተቃውሞ እውነት አለው፤ ለዚህ ኮምፒውተሩ ራሱ ላይ ሌንሷን ወደ ውስጥ አዙራ የምትቀመጥበት፣ ከመስመር ጋር ያልተገናኘ ማረፊያ ይሠራላት። ለትምህርት ቤትና ለኢንተርኔት ቤት ስርቆት ስለሚያሰጋ አንዲት ብሎን ልትታከል ትችላለች፤ እሷን መፍታትና አለመፍታት የባለንብረቱ ፈንታ ይሆናል። በፊታቸው ኮምፒውተር የሚከፍቱ ሰዎች ካሜራው በሌለበት ሰዓት የሚስጥር ቁጥር ይጠቀማሉ። «ውጭ የሚሰካ ዌብካም ገዝቶ መገላገል አይሻልም?» ለሚለኝ፣ ዌብካም የገዛም ሰው ክዳኑ ውስጥ ያለውን ካሜራ አላስወጣም፤ ያለ ካሜራ የተሠራ ላፕቶፕ ልግዛ ቢልም ገበያ ላይ እንደ ልብ አያገኝም።

«ላፕቶፑ ቅጥነቱን ያጣል» በሚለው ተቃውሞ ግን ክርክሩ ወደ እኔ ያደላል። የላፕቶፕ ካሜራ ምስል ከስልክ ካሜራ እጅግ የሚያንሰው ሌንሱና ቺፑ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ባለው ክዳን ውስጥ መታጨቅ ስላለባቸው ነው። ካሜራው ከክዳኑ ወጣ ብሎ የሚቆም ከሆነ ወፈር ማለት ይችላል፣ ትልቅ ሌንስ ይይዛል፤ ስብሰባ ላይ ፊታችን ከጨለማ ይወጣል።

ለሀገራችን ተነቃይ ካሜራ ከገመና በላይ የኪስ ጉዳይም ነው። ከዱባይና ከአሜሪካ ያገለገለ ሆኖ የሚመጣው ብዙ ላፕቶፕ ፕሮሰሰሩ ገና ይሠራል፣ ካሜራው ግን 0.9 ሜጋፒክስል የሆነ የድሮ ዕቃ ነው፣ ወይም ከነጭራሹ ሞቷል። ስክሪኑ ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ሞዴል ከሆነ አንዲት ሰሌዳ ለመቀየር ክዳኑን እንዳለ መግዛት ሊያስፈልግ ይችላል። የሁሉም አምራች ጎድጓዳ አንድ ዓይነት ቢሆን መርካቶ ሄዶ ካሜራ መግዛት የስልክ ቻርጀር ከመግዛት አይለይም ነበር። አምራቾች በፈቃዳቸው አንድ ይሆናሉ ብዬ አልጠብቅም። የአውሮፓ ኅብረት ግን የስልኮችን መሰኪያ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ በሕግ ወደ ዩኤስቢ ሲ አምጥቷል፤ ላፕቶፖችም በ2026 እንዲከተሉ ወስኗል። ያን ያደረገ ሕግ ይህንንም ማድረግ ይችላል።

እኛ የአውሮፓን ሕግ የማውጣት አቅም የለንም፤ ጨረታ ግን እናወጣለን። ዩኒቨርሲቲዎች፣ ባንኮችና መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር የሚገዙት በብዛት ነው፤ ዝርዝር መግለጫውንም የሚጽፉት ራሳቸው ናቸው። ፕሮሰሰሩና ሜሞሪው ስንት ይሁን ብለው በሚጽፉበት ገጽ ላይ «ካሜራውና ማይክሮፎኑ ያለ ካቻቢቴ በእጅ የሚነቀሉ፣ ለብቻቸውም ተገዝተው የሚተኩ ይሁኑ» የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ። ዛሬ ይህን የሚያሟላ አቅራቢ ካልተገኘ መስመሩ ቅድሚያ የሚያሰጥ ነጥብ ሆኖ ይቆይ፣ በሚቀጥለው ግዢ ደግሞ ግዴታ ይሁን።