በሚሞት ሰው ላይ የሚቀልድ ትርጉም

ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ፣ አታት ላይ፣ አምስት ልጆች በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው ፊልም ሲያዩ አጠገባቸው ቆምኩ። በሚሞሪ የተጫነ የጃፓን አኒሜ ነው። እጁ የተቆረጠ ወጣት መሬት ላይ ወድቆ ያለቅሳል። በፊልሙ ድምፅ ላይ በአማርኛ የሚተርክላቸው ተርጓሚ ግን «ወንድሜ፣ ሥጋ ቤት ገባህ እንዴ?» አለ። ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ።

ይህን «ፊልሙን ማጣፈጥ» ይሉታል። ተመልካቹ እንዳይሰለቸው ቀልድ ጣል ማድረግ እንደ ችሎታ ይቆጠራል፤ ብዙ የቀለደ ተርጓሚም ብዙ ይወደዳል። እኔ ይህን ማጣፈጥ አልለውም። ደራሲው ያስለቀሰበትን ቦታ ማሳቂያ ማድረግ ታሪኩን መስረቅ ነው።

ታሪኩ እኮ አታት እስኪደርስ ብዙ እጅ ነክቶታል። ማንጋ በሚባለው የጃፓን የሥዕል ታሪክ ተሥሎ ታተመ፣ አኒሜ ሆነ፣ የእንግሊዝኛ ድምፅ ገባለት፣ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ ዞረ፣ በመጨረሻ በቤቱ ቸሃ የተባለውን የጉራጌ ቋንቋ የሚናገር ልጅ ሰማው። በየደረጃው አንድ ነገር ይጎድላል። በሱጉሚ ኦባ ተጽፎ በታኬሺ ኦባታ የተሣለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 የወጣው «ዴዝ ኖት» ምስክር ነው። ሰዎችን ስማቸውን እየጻፈ የሚገድለው ላይት፣ በማንጋው መጨረሻ መሞት አልፈልግም እያለ ይለምናል፣ ይዋረዳል። አኒሜው ግን ደረጃ ላይ ብቻውን፣ በጸጥታ እንዲሞት አደረገው። ደራሲው ያዋረደው ገዳይ ክብር አገኘ። እንግሊዝኛውም ንጹሕ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በብሪታንያ ማንጋ ኢንተርቴይንመንት የተባለው ኩባንያ በጃፓንኛው የሌለ ስድብ በእንግሊዝኛው ድምፅ ላይ ይጨምር ነበር፤ ስድብ ሲበዛ የዕድሜ ገደቡ ከፍ ይላል፣ ወጣቱም ይጎመጃል።

በእኛም አገር በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ይዞ ሲመጣ ከኪነ ጥበብ ሰዎች ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ። ባህል ይበረዛል፣ የአገር ሥራ ገበያ ያጣል ተባለ። ሥጋቱን እረዳለሁ። ግን ተዋናዩ ያለው ነው ወይ የተነገረን የሚለው ጥያቄ በዚያ ጫጫታ መሐል ተዋጠ። ቃና ቢያንስ ለየገጸ ባሕርዩ የየራሱን ድምፅ ሰጥቷል። በየስልኩ የሚዞረው ትርጉም ግን ገዳዩንም፣ ሟቹንም፣ የሟች እናትንም በአንድ ሰው ጉሮሮ ያናግራል፤ ያ ጉሮሮ ደግሞ ሁሌም ከገዳዩ ጋር ይስቃል።

ተርጓሚዎቹ ባይኖሩ ልጆቹ ፊልሙ አይገባቸውም ነበር የሚል ሰው እውነቱን ነው። ድካማቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን ልጆቹ ዋናውን ማመሳከር ስለማይችሉ ነው ዕዳው የሚከብደው። የሚያመሳክር በሌለበት የሚዋሽ ሰው ምን ይባላል? ኮሜዲ ላይ እንደፈለገ ይቀልድ። ሰው ሲሞት ግን ዝም ይበል፣ የፊልሙ የራሱ ድምፅ ይሰማ።

እነዚህ ልጆች ለቅሶ ላይ ዝም ማለትን ያውቃሉ። የመንደሩ ሰፊ መንገድ በሆነው ጀፎረ ላይ ሰው ለሐዘን ሲሰበሰብ ጨዋታቸውን ትተው ዳር ይይዛሉ። በሰባት ቤት ጉራጌ ባህላዊ ሕግ፣ በቂጫ፣ ደም የፈሰሰበት ነገር ሲታይ ሽማግሌ ቃሉን መዝኖ እንደሚናገር ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። በሞት መሳቅን ያስተማራቸው ቤታቸው አይደለም።

ስልኩን የያዘውን ልጅ ወደ ኋላ እንዲመልስልኝ ለመንኩት። ድምፁን ከፍ አድርጎ ጆሯችንን አስጠጋን። ከተርጓሚው ቀልድ ሥር፣ በጣም ቀጭን ሆኖ፣ ወጣቱ በእንግሊዝኛ እናቱን ይጠራል።

«ምን አለ?» አለኝ ትንሹ።

ነገርኩት። ወደ ጓደኞቹ ዞሮ፣ ቀስ ብሎ፣ «አዶት» አላቸው።