ሞተር ሲያረጅ ሞተሩን መለወጥ ወይስ መኪናውን?

ለደጋ ሰው መኪና መንገድ ማሳጠሪያ ነው፤ ለቆላ ሰው ግን ውሃና እህል የሚደርስበት ስለሆነ ከሕይወት ጋራ ይቈጠራል። በነገሌ ቦረና፣ በፊልቱ፣ በዶሎ ኦዶ፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ አገር የሚመላለስ አንድ የውሃ ቦቴ 10,000 ሊትር ቢጭን፣ ለአንድ ከብት በቀን 40 ሊትር ቢታሰብ የ250 ከብት፣ ለአንድ ሰው 20 ሊትር ቢታደል የ500 ሰው የቀን ውሃ ተሸክሞ ይሄዳል። እንግዲህ ሞተሩ ደክሞ አንድ ቀን በቆመ ጊዜ የቆመው ብረት ብቻ አለመሆኑን ሹም ሁሉ ሊያስተውለው ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ አምስት ወቅት ተከታትሎ በቀረ ጊዜ የቦረና ከብት እንዴት እንዳለቀ ያየ ሰው ይህን ሒሳብ የተጋነነ አይለውም።

ሞተር ባረጀ ጊዜ ሹማምንትና ባለ ንብረቶች የሚሳሳቱባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው አዲስ መኪና ካልመጣ ብሎ አሮጌውን በግቢ አቁሞ መጠበቅ ነው፤ በዚህም መካከል ጎማው በፀሐይ ይሰነጠቃል፣ ባትሪው ይሞታል፣ መለዋወጫው እየተፈታ ለሌላው መኪና ይሄዳል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለዚህ ዐይነቱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ሻንሲው የተሰበረውን መኪና በፍቅር ይዞ፣ በየዓመቱ ሞተር እያወረዱና እየጫኑ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ሁለቱም ስሕተቶች የሚመጡት ሳይመረምሩ ከመወሰን፣ ወይም መርምሮ ሳይወስኑ ከመቅረት ነው።

ሳይወስኑ መቅረት ምን እንደሚያመጣ የነገሌ ከተማ ራሷ ምስክር ናት። በዚያ ሰፍሮ የነበረው ጦር የውሃ ፓምፑ ቢበላሽበት፣ መኮንኖቹም ከራሳቸው ጕድጓድ እንዳይቀዳ ቢከለክሉት፣ የምግቡም መክፋት ተጨምሮበት፣ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ዐመፀ። ጉዳዩን እንዲመለከቱ ከንጉሠ ነገሥቱ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ይዞ እርሱ የሚበላውን እንዲበሉ፣ የሚጠጣውንም እንዲጠጡ አደረጋቸው። ከዚህ በኋላ ዐመፁ ወደ ሌሎች የጦር ሰፈሮች ተዛመተ፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። መንግሥቱ የወደቀበት ምክንያት ብዙ ነው፤ አንድ ፓምፕ ብቻ ጣለው ማለት ከእውነት መራቅ ይሆናል። ነገር ግን በቆላ አገር ውሃ የሚያመጣ መኪና ወይም ፓምፕ ተበላሽቶ ሲተው፣ ነገሩ የመካኒክ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአስተዳደር ጉዳይ እንደሚሆን ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ስለዚህ አስቀድሞ የሚመረመረው ሞተሩ በእውነት አርጅቷልን የሚለው ነው። የቆላ አቧራ የአየር ማጣሪያውን ያፍናል፤ ጨዋማ ውሃ ራዲያተሩን ይደፍናል፤ ከዚህም የተነሣ ጤነኛ ሞተር የሞተ መስሎ ይታያል። ጭሱ ጥቁር የሆነ እንደ ሆነ ጥፋቱ ከአየር ማጣሪያው ወይም ከናፍጣ መርጫው ሊሆን ይችላል። ሳያቋርጥ ነጭ ጭስ የሚወጣና የራዲያተሩ ውሃ የሚጎድል ከሆነ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ይሆናል፤ ይህም በጥቂት ወጪ የሚታደስ ነው። ጭሱ ሰማያዊ ሆኖ ዘይት የሚበላ፣ የየሲሊንደሩም ግፊት ተለክቶ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ ማለቃቸውን ያስረዳል። ይህ ሁሉ ሳይለካ ሞተሩ አብቅቷል ብሎ የሚፈርም ኃላፊ የሕዝብን ገንዘብ በግምት ያወጣል።

ሞተሩ ማለቁ ከተረጋገጠ በኋላ ዐይን ከሞተሩ ተነሥቶ ወደ ሻንሲው ሊመለስ ይገባል፤ የፍርዱ ሥር ያለው ከዚህ ነውና። የቦረና ሰው ስለ ጥንታዊ ኤላው የሚያደርገውን መመልከት ይበቃል። ውሃ የሚያወጣበት የቆዳ ባልዲ ቢያረጅ ባልዲውን ይለውጣል እንጂ ኤላውን አይተውም፤ ደለል ቢሞላውም ይጠርገዋል። የኤላው ግድግዳ ቢናድ ግን አዲስ ባልዲ ውሃ አያወጣም። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ሞተር ባልዲው፣ ሻንሲ ኤላው ነው። ይልቁንም በውሃ ቦቴ ላይ ጥንቃቄው ይብሳል። የ10,000 ሊትር ውሃ ክብደቱ 100 ኩንታል ነው፤ ቦቴው በጐደለ ጊዜም ውሃው በየመታጠፊያው እየተናወጠ ብረቱን ይመታል። ስለዚህ ባሌስትራው የሚያያዝበት ቦታ ታጥቦ ሲታይ ስንጥቅ ከተገኘበት፣ ወይም ቀድሞ ተበይዶ እንደ ገና ከተከፈተ፣ በዚያ ላይ አዲስ ሞተር መጫን የሰውንም ሕይወት ለአደጋ መስጠት ነው።

ሻንሲው ጤነኛ ከሆነ ሒሳቡ በወረቀት ይሠራ። በአንድ ወገን የሞተሩ ዋጋ፣ የመጫኛው ኪራይ፣ የመካኒኩ ዋጋ፣ በሚቀጥሉትም ሁለት ዓመታት ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ዲፈረንሻሉና ፍሬኑ የሚጠይቁት ይጻፍ፤ በሌላው ወገን መኪናው እስኪመለስ ወይም ሌላው እስኪመጣ ድረስ በኪራይ የሚገባው ቦቴ ወጪ ለሁለቱም ምርጫ ለየብቻው ይጻፍ። የማደሻው ድምር ከአንድ ደኅና መኪና ዋጋ ግማሹን ያላለፈ እንደ ሆነ ሞተሩን መለወጥ ይሻላል፤ ካለፈ ግን አሮጌውን ሸጦ በሌላ መተካት ይበጃል። በዚህ ዘመን ሚዛኑ ብዙ ጊዜ ወደ ሞተሩ ያዘነብላል። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቍጥር 1186/2012 ከውጭ በሚገቡ አሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ግብር ጥሏል፤ በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህም የውጭ ዕቃ ዋጋ እጅግ ንሯል።

አዲስ መኪና ነዳጅ ይቈጥባል፣ ፍሬኑ ይታመናል፣ አሮጌ ነገር መጠገን ማለቂያ የለውም የሚሉ ሰዎች አሉ። ንግግራቸው ከንቱ አይደለም፤ ሻንሲው ለተሰነጠቀ ወይም መለዋወጫው ከገበያ ለጠፋ መኪና ፍርዱ እንደ እነርሱ ነው። ነገር ግን አዲሱ መኪና የአካባቢው መካኒክ የማያውቀው፣ መለዋወጫውም ከአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ ከሆነ፣ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖር ለነገሌ ሕዝብ አዲስነቱ አጭር ደስታ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ በመከልከሉ የኤሌክትሪክ መኪና በከተማ እየበዛ ሄዷል፤ መብራት ካልደረሰበት ኤላ አጠገብ የሚያድር ባለ ሙሉ ጭነት ቦቴ ግን በዚህ ተስፋ ሊቆም አይገባውም።

ሞተር ለመለወጥ የተወሰነ እንደ ሆነ ከዚያው ዐይነት ሞተር መፈለግ ያሻል። ሌላ ዐይነት ሞተር በግድ ሲገጠም ማሰሪያው፣ ካምቢዮውና ማቀዝቀዣው አይስማሙም። ከሶማሌ ተራ ወይም ከሌላ ቦታ ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ሲነሣና ሲሠራ ሳይሰማ፣ ግፊቱንም ሳያስለካ ገንዘብ አይክፈል። የሞተሩ ቍጥር በሊብሬው ላይ የተጻፈ ስለሆነ፣ አዲሱ ሞተር ከነሕጋዊ ሰነዱ ተገዝቶ መዝገቡ ሊታረም ይገባል፤ አለዚያ ዳነ የተባለው መኪና በኬላ ይቆማል።

ጊዜውም ራሱን የቻለ ነገር ነው። የቦረና ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹም በጥቅምትና በኅዳር ይወርዳል። ኩሬው ሞልቶ ቦቴው ብዙ በማይፈለግበት በዚህ ወቅት ሞተር ቢወርድ ሕዝብ አይጎዳም፤ በጥር ወር ቢወርድ ግን ያው ሥራ የከብት እልቂት ይሆናል። ስለዚህ እያንዳንዱ ወረዳ የመኪናውንና የፓምፑን የዘይት፣ የነዳጅና የሥራ ሰዓት መዝገብ ይዞ፣ ዝናብ በገባ ቍጥር መርምሮ፣ ዝናቡ ሳያልፍ ቢወስን የመንግሥትም የባለ ንብረትም ጥቅም ይጠበቃል።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ሻንሲው ደኅና ከሆነ ሞተሩ ይለወጥ፤ ሻንሲው ከተሰበረ መኪናው ይለወጥ፤ ከሁለቱ የሚከፋው ግን በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ የተጠማ ሕዝብ በግቢ የቆመ ቦቴ እንዲያይ ማድረግ ነው።