ላም አለኝ በሰማይ?

ከባንክ መስኮት ኋላ ተቀምጬ ከምሰማቸው ጥያቄዎች አንዱ ይከብደኛል፡- «ልጄ፣ አክሲዮኔን ልሽጠው ወይስ ላቆየው?» ጠያቂዋ ጡረተኛ እናት ናቸው፡፡

ስጋታቸው ከንቱ አይደለም፡፡ አገር ሰላም አጥታ በሰነበተችበት ዘመን፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ በታኅሣሥ 2017 ለውጭ ባንኮች በር የሚከፍት አዋጅ ጸደቀ፤ በጥር የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ ተከፈተ፡፡

የባለአክሲዮኖች ሙግት ግን ዛሬም «ዘንድሮ ስንት በመቶ ይከፈላል?» የሚል ነው፡፡ የኑሮ ውድነት የሚበላው የትርፍ ድርሻ፣ ወተቷ የማይታይ የሰማይ ላም አይደለምን? ባለአክሲዮን ባለቤት ነው፤ ባለቤት ደግሞ ከወተቱ አስቀድሞ ስለ ላሚቱ ጤና ይጠይቃል፡፡ ገንዘባችን ለማን ተበደረ? ይመለሳልን?

ለእኚያ እናትም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፡- «ከመሸጥዎ በፊት ጠቅላላ ጉባኤው ላይ ይገኙ፤ እጅዎን ያውጡ፤ ይጠይቁ፡፡»