ምልክት ነው ካልን እንለካው



ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ እሑድ ረፋድ 5፡30 ገደማ፣ በአፋር ክልል አፍዴራ አካባቢ የሚገኘው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ዐመዱ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰማይ ወጣ። ቀይ ባሕርን ተሻገረ፣ በየመንና በዖማን በኩል አልፎ በማግስቱ ማታ ሕንድ ደረሰ፤ እዚያም በረራዎች ተሰረዙ። እኛ ስልክ ላይ የደረሰው ግን የሌላ አገር ቪዲዮ፣ በኮምፒውተር የተቀነባበረ ምስልና ከሥሩ «የቂያማ ምልክት ነው» የሚል ጽሑፍ ነበር። «በ12 ሺሕ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚለውም አብሮ ተሰራጨ። እውነቱ ግን እሳተ ገሞራው ከዚያ በፊት ስለመፈንዳቱ የታወቀ መዝገብ የለም የሚል ነው። ያልተመዘገበ ሁሉ አልሆነም ማለት አይደለም።

የአላህ ምልክት መሆኑን ማናችንም አንክድም። የኔ ጥያቄ ምልክት ነው ካልን በኋላ ምን አደረግን የሚል ነው። ምልክት የሚሰጠው እንዲነበብ ነው። ሼር አድርጎ ማለፍ ማንበብ አይባልም።

ከዐመዱና ከጢሱ ሌላ ፍንዳታ የሚልከው የማይታይ መልእክተኛ አለ፤ የአየር ሞገድ። ኩሬ ውስጥ ድንጋይ ስንጥል ክብ እየሠራ የሚሰፋውን ሞገድ አስቡ። ከባቢ አየርም በፍንዳታ በድንገት ሲገፋ ሞገድ ያወጣል፤ ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው የግፊት ሞገድ ነው። መሬትን ተከትሎ ለድምፅ በሚቀርብ ፍጥነት ይጓዛል፤ በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ በሆራስ ላምብ ስም የላምብ ሞገድ ይባላል። ሁለተኛው ዘገም ይላል። ወደ ላይ የተገፋውን አየር ክብደቱ ወደ ታች ይመልሰዋል፤ ከቦታው አልፎ ሲወርድ ደግሞ ከሥሩ ያለው አየር መልሶ ያነሳዋል። እንዲህ እየተወዛወዘ ወደ ጎንም ወደ ላይም ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1883 በኢንዶኔዥያ ክራካታው ሲፈነዳ የግፊት ሞገዱ ምድርን ደጋግሞ ሲዞር በየከተማው የነበሩ ባሮሜትሮች መዝግበውታል። ጥር 7 ቀን 2014 ዓ.ም. በፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ በቶንጋ የሚገኘው ሁንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ግን ሞገዱን ሳተላይቶችም አዩት። አየር እንዴት ይታያል? ሞገዱ ሲያልፍ አየሩ በጥቂቱ ይሞቃል፣ በጥቂቱም ይቀዘቅዛል፤ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ይህችን ልዩነት ይይዛታል። 36 ሺሕ ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው አንድን አካባቢ ሳያቋርጡ የሚያዩ የአየር ጠባይ ሳተላይቶች በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ምስል ያነሳሉ። አንዱን ምስል ከቀጣዩ ስንቀንስ ያልተለወጠው ነገር ይጠፋል፤ እየሰፋ የሚሄደው ቀለበት ይቀራል። አኳ የተባለችው የናሳ ሳተላይትም ከፍ ባለው የከባቢ አየር ክፍል የተደራረቡ ቀለበቶችን መዝግባለች።

ይህ የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስለን ስሌቱን ወደ ዲላ እናምጣው። ቶንጋ ከዲላ 16 ሺሕ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የላምብ ሞገዱ በሴኮንድ 315 ሜትር ገደማ ይጓዝ ነበር። አካፍሉት፤ ከ14 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ፍንዳታው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1፡15 ገደማ ስለነበር ሞገዱ በዲላ ላይ ያለፈው በዚያው ቅዳሜ ምሽት 3፡30 አካባቢ፣ ከዒሻ በኋላ ነው ማለት ነው። ማንም አልሰማውም። እንዲህ ባለ ርቀት የግፊቱ ለውጥ አንድ ሄክቶፓስካል ገደማ ነው፤ ከዶርም ሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ስንወርድ ከሚኖረው ለውጥ ብዙም አይለይም። ለጆሮ ምንም ነው፤ ለባሮሜትር ግን በቂ ነው።

ሃይሊ ጉቢ ደግሞ ከእኛ በአየር መስመር 830 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚሁ ፍጥነት የሚጓዝ ሞገድ 45 ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። በዚያ እሑድ ቢሆን የሚደርሰው ልክ ለዙህር አዛን ሲደረግ ነበር። ሐዋሳ አጠገብ ያለው ኮርቤቲ እሳተ ገሞራማ ከዲላ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ሞገድ በአምስት ደቂቃ ይደርሳል። የራዳር ሳተላይቶች የኮርቤቲ መሬት እ.ኤ.አ. ከ2009 ወዲህ ከፍ እያለ መምጣቱን ለክተዋል። ይህ ነገ ይፈነዳል ማለት አይደለም። ግን የምንኖረው በስምጥ ሸለቆው ዳር ነው። በኅዳር በይርጋጨፌና በወናጎ ቡናው አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሳለ ዐመድ ቢወርድበት ምን እንደሚሆን ለጌዴኦ ገበሬ አይነገረውም።

በአፍዴራ የሰው ሕይወት አለመጥፋቱ ተነግሯል፤ አልሐምዱሊላህ። ግጦሹ ግን ዐመድ ለበሰ። ለአውሮፕላኖች ማስጠንቀቂያ የሚያወጣ ማዕከል በፈረንሳይ ቱሉዝ አለ፤ በዚያን ቀንም ሥራውን ሠራ። ፍየሎቹን ይዞ ለቆመው የአፋር ወንድማችን የትኛው ዐመድ፣ ወዴት፣ መቼ እንደሚደርስ ማን ይንገረው? ይህን ጥያቄ ዱዓ አድርገን ብቻ ልናልፈው አይገባም፤ ከመካከላችን የሚመልሰው ሰው መውጣት አለበት።

አንዳንድ ወንድሞች ምክንያቱን መመርመር ኢማን ያሳሳል ብለው ይፈራሉ። በመድረሳ የተማርነው ግን ሌላ ነው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልጅ ኢብራሂም በሞተ ዕለት ፀሐይ ተጋረደች፤ ሰዎችም ከሞቱ ጋር አያያዙት። ነቢዩ በሐዘናቸው መካከል እንኳ ይህን ወሬ አልተቀበሉም፤ ግርዶሽ ለማንም ሞት እንደማይሆን አስተማሩ፣ ወደ ሶላትም አዘዙ። ፍርሃቱ ለአላህ ነው፤ ወሬው ግን ይታረማል። በየመስጂዱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው የሶላት ሰዓት ሠንጠረዥስ ስሌት አይደለም እንዴ?

ስለዚህ ለጀመዓችን የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ቢኤምፒ 280 የሚባል አነስተኛ የግፊት ሴንሰር፣ አርዱዊኖ፣ ሚሞሪ ካርድና መብራት ሲጠፋ የሚያገለግል ባትሪ ያስፈልጋሉ። አንዱን ዲላ፣ አንዱን ይርጋጨፌ፣ አንዱን ቡሌ እንትከል። ሦስት ቦታ የሆነበት ምክንያት አለው፤ ሞገዱ የትኛው ጋ ቀድሞ እንደደረሰ ሲታወቅ ከየት አቅጣጫ እንደመጣ በስሌት ይገኛል። የአቶም ቦምብ ሙከራን ለማዳመጥ የተዘረጋው ዓለም አቀፍ የዝቅተኛ ድምፅ መከታተያ መረብም የሚሠራው በዚሁ መርህ ነው፤ ከጣቢያዎቹ አንዱ ጂቡቲ፣ አንዱ ኬንያ ይገኛሉ። እኛ በመካከላቸው ነን።

የእኛ መሣሪያ ከእነሱ ጋር አይወዳደርም። ነፋስ ያስቸግረዋል፤ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ከፍ ዝቅ የሚለው የተፈጥሮ ግፊትም አለ፣ እሱ ግን ዝግ ያለ ስለሆነ በስሌት ይጣራል። ፍንዳታን አስቀድሞም አይተነብይም፤ ሞገድ የሚመጣው ከፍንዳታ በኋላ ነው። የሚሰጠን ሰዓት፣ አቅጣጫና መጠን ነው። በጎኑ የሳተላይት ምስል ማንበብ የሚችል ሰው ካለን፣ ግሩፑ ላይ ወሬ ሲለቀቅ «ቆይ፣ መዝገቡን እንየው» የሚል ሰው ይኖረናል ማለት ነው።

ለዚህ ሥራ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ብቻ አይበቃም። ካርታ የሚያነብ የጂኦግራፊ፣ ስለ አለት የሚያውቅ የጂኦሎጂ፣ መረጃውን በአፋርኛ፣ በጌዴኦኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳ የቋንቋ ተማሪ ያስፈልጋል። ክረምት ሲዘጋ ደግሞ እያንዳንዳችን አንድ ሴንሰር ይዘን ወደ ወራቤ፣ ጅማ፣ ሐረር፣ ኮምቦልቻና ሠመራ ብንሄድ መረቡ አገር ያካልላል። የኅዳር 14 የሳተላይት ምስሎችም በማኅደር ተቀምጠዋል፤ ለመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ ያጣ ወንድም ወይም እህት ከዚያ ይጀምር።

ፈቃደኛ የሆናችሁ ከጁሙዓ በኋላ የማኅበሩን ትምህርት ክፍል አነጋግሩ። የመጀመሪያውን ሴንሰር እኔ ይዤ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።